«ዋጋ ቀንሷል» ብሎ መጻፍ ያቃተው ፎንት

ወራት ስለተጠቀምኩበት ያለ ይሉኝታ ልናገር። ይህ በብሩሽ የተሣለ የአማርኛ ፎንት ሲበዛ ያምራል። ግን «ዋጋ ቀንሷል» ብሎ መጻፍ አይችልም። «ሷ» የለውም!

ሀዋሳ ውስጥ ባነርና ታፔላ ነው የምሠራው። ሰው እኔ ጋ የሚመጣው ምን ለማጻፍ ነው? «ተከፍቷል»፣ «አዲስ ዕቃ ደርሷል»፣ «ወደ አቶቴ ተዛውሯል»፣ «የቧንቧ ዕቃ መሸጫ»። ሷ፣ ቷ፣ ሯ፣ ቧ አንዳቸውም የሉም። ቋ፣ ኳ፣ ጓ እና ኋ ተሣልተዋል፣ ሠሪው እዚያ ላይ ዲቃላ ፊደል ያለቀ መስሎት ይሆናል። የቀሩትም ቢሆኑ አዲስ አይደሉም፣ ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደላት መዝገብ) ውስጥ ሲገባ አብረው ገብተዋል። ፎንቱ የሌለውን ፊደል ስትጽፉ ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ከሌላ ፎንት ይበደራል፣ ካልሆነም ባዶ ሳጥን ያስቀምጥላችኋል። ወፍራም፣ የብሩሹ ጭረት የሚታይበት ቃል መሐል ኒያላ ከሚባለው ፎንት የመጣች አንዲት ቀጠን ያለች ፊደል ተሰንቅራ ትወጣለች። አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ ቤት ያለው ደንበኛዬ ገና ስክሪኑን ሲያይ «ይቺ ምን ሆና ነው?» አለኝ።

ሻጩ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ለርዕስ ብቻ ነው።» ታዲያ «ተከፍቷል» ርዕስ ካልሆነ ምንድን ነው? ታፔላ ላይ ያለው ሁሉ ርዕስ ነው። «በዚህ ዋጋ ሌላ አታገኝም» እንዳትለኝ ደግሞ። በነጻ የሚወርዱት ኖቶ እና አቢሲኒካ እነዚህን ፊደላት በሙሉ ይዘዋል።

ይህን ሁሉ ብዬም ፎንቱን አልጣልኩትም። «ሐይቅ» ብላችሁ ጻፉበትና እዩት። የሐ ሦስት እግሮች እኩል አይደሉም፣ መሐለኛው አጠር ብሎ ጫፉ ላይ ቀለሙ ያለቀበት ይመስላል። ብዙ ፎንት ላይ «ለ»ን አንዴ ሠርተው ለ«ሉ»፣ ለ«ሊ»፣ ለ«ላ» ቅጥያ ብቻ ይለጥፉበታል። ይሄኛው ሰባቱንም ለየብቻ ነው የሣላቸው፣ ስለዚህ አንድ ቃል ውስጥ ለ እና ላ ጎን ለጎን ሲመጡ እንደ እህትማማች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይሆኑም። ኮምፒውተር ሳይመጣ በእጅ ይጻፉ የነበሩትን የሱቅ ታፔላዎች ለሚወድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የላቲን ፊደልም የለውም፣ በላቲን የሚጻፈውን የሲዳምኛ ጽሑፍ ግን በሌላ ፎንት እወጣዋለሁ።

አሁን «ሷ» ሲያስፈልገኝ «ሳ»ን እንደ ሥዕል ወደሚስተካከል ቅርጽ ቀይሬ ከእግሯ ሥር ሰረዝ እጨምራለሁ። ለ«ቧ»ም እንደዚያው። ሥራው ጊዜ ይበላል፣ ግን ደንበኛው የሚወስደው ታፔላ ያምራል። ሎጎ ለሚሠራ ሰው ግዛ እላለሁ። ባነር ለሚሠራ ግን የቀሩት ፊደላት እስኪመጡ ጠብቅ። ሠሪው ያንን ሥራ ከጨረሰ ተጨማሪ እከፍላለሁ፣ እንደኔ ሰረዝ ለጥፎ ሳይሆን በዚያው ብሩሽ፣ አንድ በአንድ ከሣላቸው።