ካርትሪጅ፣ ስትሪፕ ወይስ ዲስክ? መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያን ቶሎ ለመለየት የቱን እንግዛ

ላብራቶሪ የሚመሩ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያን በፍጥነት ለመለየት የቱን እንግዛ? ጂን ኤክስፐርት በሚባለው ማሽን ውስጥ ገብቶ የባክቴሪያውን ጂን የሚፈልገውን ካርትሪጅ፣ ካርባ 5 የሚባለውን ስትሪፕ ወይስ የለመድነውን ዲስክ፣ ማለትም መድኃኒት የተነከረችውን ትንሽ ክብ ወረቀት? እኔ የዲስክ ወገን ነኝ። የደም ካልቸር (ከበሽተኛ ደም ባክቴሪያ ማሳደግ) የምትሠሩ ከሆነ ዲስኩን በፈጣኑ ዘዴ ሥሩ፣ ከጎኑ ጥቂት ስትሪፕ ያዙ። ማሽኑ ይቆይ።

ከዋጋ ልጀምር። ሰው ሁሉ የሚከራከረው በማሽኑ ዋጋ ላይ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ አንዳንዴ «ማሽኑን በነፃ ውሰዱ፣ ሪኤጀንቱን ብቻ ከእኛ ግዙ» ይላል። ኪስ የሚያራቁተው ግን ካርትሪጁ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን እንዲህ ሥሩት። የዓመቱን ካርትሪጅ፣ የጥገና ውሉን፣ ካሊብሬሽኑን፣ ኤረር ሰጥቶ የሚደገመውን፣ ጊዜው አልፎበት የሚጣለውን ሁሉ ደምሩ። ከዚያ ሐኪም እጅ በደረሰው ውጤት ብዛት አካፍሉት። የአንዱ ምርመራ እውነተኛ ዋጋ ይህ ነው። ፕሮፎርማው ላይ ካለው ቁጥር ጋር አይገናኝም።

በዚያው ማሽን በሚሠራው የቲቢ ምርመራ ዋጋም እንዳትሸወዱ። የቲቢ ካርትሪጅ በ2023 ከ9.98 ወደ 7.97 ዶላር የወረደው ለዓመታት ከተደረገ ግፊት በኋላ ነው። ቅናሹ ካርባ-አር የተባለውን የባክቴሪያ ካርትሪጅ አይጨምርም። ለእሱ ለብቻው ፕሮፎርማ ጠይቁ።

ካርባ-አር ሜሮፔኔምን የመሳሰሉ ጠንካራ አንቲባዮቲኮችን (ካርባፔኔሞችን) የሚሰብሩ ኢንዛይሞችን የሚያሠሩ አምስት የጂን ቤተሰቦችን ይፈልጋል፦ ኬፒሲ፣ ኤንዲኤም፣ ቪም፣ ኢምፕ እና ኦክሳ-48። ውጤቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ካርባ 5 ስትሪፕም የእነዚያኑ የአምስቱን ኢንዛይሞች ይለያል፣ ያውም በ15 ደቂቃ። መብራት አይፈልግም፣ ካሊብሬሽን አይፈልግም፣ የሚበላሽ ሞጁል (ካርትሪጁ የሚገባበት የማሽን ክፍል) የለውም። ልዩነቱ ስትሪፑ ፕሌት ላይ ያደገ የባክቴሪያ ክምችት (ኮሎኒ) መፈለጉ ነው። ካርትሪጁ ግን ከፊንጢጣ ከተወሰደ ስዋብ በቀጥታ ይሠራል። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ወረርሽኝ ገብቶ ተሸካሚውን ዛሬውኑ መለየት ካለባችሁ እዚህ ላይ ካርትሪጁን የሚተካው የለም።

የጂኑ ስም ለሕክምናው ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ባክቴሪያው ኬፒሲ ካለው ሴፍታዚዲም-አቪባክታም የተባለው መድኃኒት ሊሠራ ይችላል። ኤንዲኤም ከሆነ ግን የመድኃኒቱ አንድ ክፍል የሆነው አቪባክታም ኢንዛይሙን አይገታውም። ሁለቱም ምርመራዎች ግን አንድ ዓይነት ክፍተት አላቸው። አሲኔቶባክተር በተባለው ባክቴሪያ ላይ የሚበዛውን ኦክሳ-23 አያዩም። ባክቴሪያው ሌላ ኢንዛይም ይዞ መድኃኒት የሚገባበትን ቀዳዳ ዘግቶ ከሆነም አያውቁትም። ኔጌቲቭ ማለት ሜሮፔኔም ይሠራል ማለት አይደለም። ይህን በውጤት ወረቀቱ ላይ የማይጽፍ ላብራቶሪ ሐኪሙን ያሳስታል።

ዲስኩን የምወደው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ማስቆም አለማስቆሙን በቀጥታ ያሳያል። ዩካስት የሚባለው የአውሮፓ ኮሚቴ ያወጣው ፈጣን ዘዴ ራስት ይባላል። ፖዘቲቭ ካለው የደም ካልቸር ጠርሙስ 125 ማይክሮሊትር ወስዳችሁ ሙለር-ሂንተን የሚባለው ማሳደጊያ ፕሌት ላይ ትዘራላችሁ፣ ዲስኩን ታስቀምጣላችሁ። ንባቡ፣ ማለትም በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ ያላደገበትን ክብ (ዞን) መለካቱ፣ ከ4፣ ከ6 ወይም ከ8 ሰዓት በኋላ ነው። የለመድነው ዘዴ ሌሊቱን ሙሉ ያስጠብቃል። ግን ሕጉ ጥብቅ ነው። ጠርሙሱ ፖዘቲቭ ካለ ከ18 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። የባክቴሪያው ዝርያ መታወቅ አለበት። ለእያንዳንዱ ዝርያና ለእያንዳንዱ የንባብ ሰዓት የራሱ ሠንጠረዥ አለው፣ የተለመደውን ሠንጠረዥ መጠቀም አይቻልም። ዞኑ ጥርት ካላለ ፕሌቱን ወደ ኢንኩቤተር መልሱት። ቸኩሎ መገመት አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ገንዘብ እንዳትቆጥቡ የምለምናችሁ የዲስኩን ጥራት ነው። በሠራሁበት አንድ ላብራቶሪ በጨረታ ርካሽ ስለሆነ ብቻ የኢሚፔኔም ዲስክ ተገዛ። በጉዞ ላይ ቅዝቃዜ አላገኘም። ለቁጥጥር በምንጠቀምበት መደበኛ ባክቴሪያ፣ በኢ. ኮላይ 25922 ላይ ዞኑ ከ26 እስከ 32 ሚሊሜትር መሆን ነበረበት። ከ26 በታች መጣ። ያለ ቁጥጥር በሽተኛ ላይ ብንሠራው ኖሮ የሚሠራውን መድኃኒት አይሠራም ብለን ሐኪሙን ወደ ከባዱ መድኃኒት እንገፋው ነበር። አቅራቢው መልሼ አልወስድም አለ። ሙሉው ካርቶን ተጣለ፣ እንደገና ተገዛ። ርካሹ ዲስክ ከሁሉም ውድ ሆነ። ዩካስት ራሱ በ2014 እና በ2017 የዘጠኝ አምራቾችን ዲስክ ፈትሾ የጥራት ልዩነት አግኝቷል። የታወቀ ስም ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። በየሎቱ (በየምርት ዙሩ) ፈትሹ። ቱቦውን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ወዲያው አትክፈቱት፣ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪደርስ ጠብቁ። አለበለዚያ እርጥበት ገብቶ ያበላሸዋል።

ከእነዚህም የሚረክስ ለምትፈልጉ ባክቴሪያው መድኃኒቱን መስበር አለመስበሩን የሚያሳይ ኤምሲም የሚባል ዘዴ አለ። የሜሮፔኔም ዲስክና ተራ ብሮዝ (ፈሳሽ ማሳደጊያ) ይበቃዋል። ውጤቱ ግን ለነገ ነው። ካርባ ኤንፒ የሚባለው ምርመራ ይህንኑ ቀለም በመቀየር በሁለት ሰዓት ውስጥ ይነግራችኋል፣ ሆኖም ኦክሳ-48 ሊያመልጠው ይችላል። ኦክሳ-48 በሚበዛበት ቦታ አልመክረውም።

ለቲቢ የተገዛ ጂን ኤክስፐርት ቀድሞ ካላችሁና ሥራ የሚፈታ ሞጁል ካለው ሐሳቤ ይለወጣል። ማሽኑ ስላለ ካርባ-አርን ለወረርሽኝ ጊዜ በትንሹ አስገቡ። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ግን ሳትፈርሙ ሦስት ነገር በጽሑፍ አስመልሱ። ሞጁል ሲሞት ማን ይመጣል? በስንት ቀን ውስጥ ይመጣል? ካርትሪጁ እጃችሁ ሲገባ ጊዜው ሊያልፍ ስንት ወር ይቀረዋል?