ልጆች ላሉበት ቤት የትኛው ውሻ? ጀርመን ሼፐርድ፣ ላብራዶር፣ ትንንሾቹና የሐበሻ ውሻ ሲነጻጸሩ

አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ ለመግዛት የሚነሣ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ከአንድ እንስሳ ሁለት ሥራ ይጠብቃል፤ ሌሊት ግቢውን እንዲጠብቅለት፣ ቀን ደግሞ ከልጆቹ ጋር እንዲጫወትለት። ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም ባይባልም፣ ውሻን ለጥበቃ የምናሳድግበት የተለመደው መንገድ ውሻው ለልጆች የማይታመን እንዲሆን እንደሚያደርገው አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። «ኃይለኛ ይሁን» ተብሎ ከቡችላነቱ ጀምሮ ቀን ቀን በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የሚውል፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓሮ የሚገፋና ሌሊት ብቻ የሚፈታ ውሻ ልጅ ሲሮጥ፣ ሲወድቅና ሲጮኽ በቅርብ አይቶ ስለማያውቅ፣ አንድ ቀን ሰንሰለቱ ሲፈታ ምን እንደሚያደርግ ባለቤቱም ሊናገር አይችልም። በዚህ ምክንያት የሚከተለው ንጽጽር የልጆችን ደኅንነት ያስቀድማል፣ ጥበቃውን ሁለተኛ ያደርጋል።

በብዛት የሚጠየቀው ጀርመን ሼፐርድ ነው። ዝርያው እ.ኤ.አ. በ1899 ጀርመን ውስጥ መልክ ሲይዝ የታሰበው ለበግ ጥበቃ ነበር፤ ይህ ጠባይ ዛሬም አልለቀቀውም። የሚሮጥ ልጅ ከኋላ ተከትሎ ሱሪውን ወይም ቁርጭምጭሚቱን በጥርሱ መያዝ ለሼፐርድ ቡችላ ክፋት ሳይሆን የዘሩ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ወንዱ ሲያድግ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ስለሚመዝን፣ በቡችላነቱ ያሳቀን ጨዋታ ከዓመት በኋላ የአምስት ዓመት ልጅ መሬት ላይ ይጥላል። ትምህርት ቶሎ ይገባዋል፣ ለቤተሰቡም ታማኝ ነው፤ በየቀኑ የሚያሠለጥነውና የሚያንሸራሽረው አዋቂ ሰው ባለበት፣ ልጆቹም ከፍ ካሉ፣ ከእርሱ የሚሻል ጥቂት ነው። የሚያሠለጥነው ሰው ከሌለና ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑ ግን ባይገዛ ይሻላል። የሚገዛው ሰው የወላጆቹን አካሄድ በዓይኑ ይመልከት፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዘር የሚተላለፍ የዚህ ዝርያ የታወቀ ሕመም ነውና።

ላብራዶር የመጣው ከሌላ ሥራ ነው። አያቶቹ የካናዳ የኒውፋውንድላንድ ውሾች ሲሆኑ፣ እንግሊዞች ያሻሻሉት አዳኝ ተኩሶ የጣለውን ወፍ ሳያደቅቅ በአፉ ይዞ እንዲያመጣ ነው። ከሰው ጋር ተባብሮ ለመሥራት የተመረጠ ስለሆነ የልጅን ትንኮሳ ከአብዛኞቹ ዝርያዎች በላይ ይታገሣል፤ ለዓይነ ስውራን መሪነት በብዙ አገር የሚመረጠውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛው ሆዱ ነው፤ ብዙ ላብራዶሮች ጥጋብ የማያውቁት ረኀብን ከሚቆጣጠር ዘረ መል ለውጥ የተነሣ መሆኑን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል፤ ልጆች ከሳህናቸው እያነሡ በሚያጎርሱበት ቤት ደግሞ ውሻው በሁለት ዓመት ውስጥ በርሜል ያህላል። ሁለተኛው፣ አካሉ ቶሎ ቢያድግም ጠባዩ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ የቡችላ ነው፤ በጅራቱና በትከሻው ብቻ ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን ይጥላል። ጥበቃን በተመለከተ ብዙ አይጠበቅበት፤ ይጮኽ ይሆናል እንጂ ሌባውን ጅራቱን እየቆላ የመቀበል ዕድሉ ሰፊ ነው። ጎልደን ሪትሪቨርም በገርነቱ አያንስም፤ ሆኖም ረጅም ፀጉሩ በክረምት ጭቃ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው፣ በየጊዜው የሚያበጥር ጊዜ ከሌለው፣ ላብራዶሩን ይመርጣል።

በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ሰዎች ወደ ትንንሾቹ፣ ወደ ትንሹ ፑድልና ወደ ማልቲዝ፣ ያዘነብላሉ። ፑድል ፀጉሩ ብዙም አይረግፍም፣ ብልህም ነው፤ ቢሆንም ከአምስት ኪሎ በታች የሆነ ውሻ ባለበት ቤት ተጎጂው ብዙ ጊዜ ውሻው ነው፤ የሦስት ዓመት ልጅ አቅፎ ሲጥለው እግሩ ይሰበራል፣ በፍርሃት ሲናከስ ደግሞ ጥፋቱ የእርሱ ይባላል። ልጆቹ ሰባትና ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ጥሩ ምርጫ ነው።

የሐበሻ ውሻ በነጻ ስለሚሰጥ ማንም በንጽጽር ውስጥ አያስገባውም። እኔ ግን ግቢ ላለውና ልጆቹ አራት ዓመት ላለፋቸው ቤተሰብ በመጀመሪያ የማስበው እርሱን ነው። መካከለኛ ቁመት ያለው በመሆኑ ልጅ አይጥልም፣ ልጅም አይሰብረውም፤ ብርዱንና የቤቱን ምግብ ለምዶ የተወለደ ነው፤ በተለይም ማንም ሳያስከፋው በር ላይ ለቆመ እንግዳ በራሱ ስለሚጮኽ፣ ለጥበቃ ተብሎ ማሰር አያስፈልግም። ያቺ ሁለት ሥራ ከአንድ እንስሳ የመፈለግ ጥያቄ በተሻለ የምትመለሰው በእርሱ ነው። ጉድለቱ፣ በጠባይ ተመርጦ ስላልተራባ ከቡችላ ቡችላ በጣም መለያየቱ ነው። ውሻ ሰውን የሚለምድበት ዋነኛ ጊዜ ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ያን ጊዜ ከድልድይ ሥር ያሳለፈ ቡችላ ቤት ገብቶ ቢቀለብም ዕድሜ ልኩን ደንጋጣ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የትኛውም ዝርያ ቢመረጥ እናቲቱን ሳያዩ መግዛት አይገባም። እኛ ከመምረጣችን በፊት ሁለት ቦታ ሄደን ነበር። የመጀመሪያው ሻጭ ቡችሎቹን በካርቶን መንገድ ዳር ይዞ ስለ እናታቸው ስንጠይቀው «ሩቅ ናት» አለን። ሁለተኛው ቤት እናቲቱ ሁለት ጊዜ ጮኻ፣ ባለቤቷ ስትናገራት መጥታ እጄን አሸተተችና ከቡችሎቿ አጠገብ እንድንቀመጥ ተወችን። ቁልፌን ሲሚንቶው ላይ ጣልሁት፤ ከአራቱ አንዱ ባልዲ ሥር ገብቶ አልወጣም፣ አንዱ እየተቆጣ መጣበት፣ ሁለቱ ደንግጠው ሸሹና ተመልሰው አሸተቱት። ከእነዚህ ከሁለቱ ቡላዋን ሴት ጭኔ ላይ በጀርባዋ ሳስተኛት ትንሽ ተፈራግጣ ዝም ስላለች እርሷን ወሰድን። ስምንት ሳምንት ሞልቷት ነበር። «ገና ትንሽ ሳለ ይለምዳል» ተብሎ በአምስተኛው ሳምንት የሚሸጥ ቡችላ ከወንድሞቹ ጋር ሲላፋ ጥርሱን መቆጣጠር ስለማይማር፣ ያን ትምህርት በልጆቻችን እጅ ላይ ይማራል።

በክትባት ረገድ በዝርያዎቹ መካከል ልዩነት የለም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚጀመረው አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ወር ስለሆነ፣ ሻጩ የሁለት ወር ቡችላ «ሁሉንም ተከትቧል» ካለ የክትባት ካርዱን ጠይቆ ማንበብ ያሻል። ከዚያ በኋላ የእንስሳት ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ይደገማል፤ የአንጀት ትል መድኃኒትም ልጆች አፈር ስለሚነኩ ሊዘነጋ አይገባም። ልጅ በውሻ ከተነከሰ ወይም ከተቧጠጠ፣ ውሻው የራስ ቢሆንም፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መውሰድ ግድ ነው፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለምና።

ልጁ ገና የሚድህ ከሆነ ግን ግዢውን ማዘግየት ከሁሉም ምርጫዎች ይሻላል፤ ትንንሽ ልጆችን በብዛት የሚነክሰው የመንገድ ውሻ ሳይሆን የሚያውቁት ውሻ ነው፤ የሚነክሳቸውም ፊታቸው ከአፉ ትይዩ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ፊታቸውን ነው። የእኛዋ ቡላ ዓመት ሙሉ ልጆቹ ጆሮዋን ሲስቡ አንድ ቀን አጉረምርማ አታውቅም ነበር። በፋሲካ የበግ ቅልጥም ይዛ ጥግ ላይ ሳለች ትንሹ ልጄ ወደ እርሷ ሲሄድ መብላቷን አቁማ ደረቅ አለች፤ ጭንቅላቷን አዙራ የዓይኗን ነጭ አሳየች፤ ድምፅ አላሰማችም። ልጁን አነሣሁት፣ አጥንቱን አልነካሁም፣ እርሷንም አልተቆጣሁም። ከዚያ ወዲህ የበዓል አጥንት የሚሰጣት ልጆቹ ቤት ገብተው የጓሮው በር ከተዘጋ በኋላ ነው።