ለኮምቦልቻው ሳይክል ቤት ባለቤቶች

ባለፈው ቅዳሜ የልጄን ሳይክል ይዤ ኮምቦልቻ፣ ባደግሁበት ሰፈር ወደሚገኘው ሳይክል ቤት ሄጄ ነበር። ይህን የምጽፈው ቤተሰቡን ለማመስገን፣ ሙያቸውንም ለማያውቁት ለመጠቆም ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ከእኛ ከሰፈሩ ልጆች መካከል የራሱ ሳይክል ያለው አልነበረም። ጋሼ (ሰፈሩ በሌላ ስም አይጠራቸውም) ያረጁ ሳይክሎችን በደቂቃ ሒሳብ ያከራዩን ነበር፤ ሰዓቱን የሚቆጣጠሩት ደግሞ ደጃፉ ላይ በርጩማ ስበው የሚቀመጡት ባለቤታቸው እትዬ ነበሩ። በወደቅሁ ቁጥር «አብሽር» እያሉ ጉልበቴን ያጥቡልኛል፤ መሬት ላይ የቆየሁበትን ደቂቃ ግን ከሒሳቡ አይቀንሱልኝም ነበር።

ከመንዳቱ ይልቅ የሚማርከኝ ጋሼ የተነፈሰ ጎማ ሲሠሩ ማየት ነበር። ከመነዳሪውን ነፍተው ሳፋ ውኃ ውስጥ ቀስ እያሉ ያዞሩትና አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይይዛሉ፤ አድርቀው በብርጭቆ ወረቀት ከፈተጉት በኋላ ማስቲሽ ስስ አድርገው ይቀቡታል፤ መለጠፊያውን ግን ማስቲሹ ደረቅ እስኪል ሳይጠብቁ አያሳርፉበትም። ከመነዳሪውን ከመመለሳቸው በፊት የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጣታቸው ይዳስሱታል፣ ምክንያቱም የግራር እሾህ ተሰብሮ እዚያው ከቀረ የተለጠፈው ጎማ ውሎ ሳያድር እንደገና ይበሳል።

የዚያ ዳሰሳ ጥቅም የገባኝ ዘንድሮ ነው። የልጄን ሳይክል ከመነዳሪ ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ አስቀይረን ሁለቱም በማግስቱ ተነፈሱ። ቅዳሜ ዕለት ሱቁን የተረከበችው የጋሼ ልጅ ጎማውን ፈትታ ጣቷን አዞረችና፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ የሽቦ ስባሪ በፒንሳ መዝዛ አሳየችን። አዲስ ከመነዳሪ ልትሸጥልን ስትችል የነበረውን ለጥፋ መለሰችው። የተጣመመውንም ቸርኬ ጠመኔ አስጠግታ እያሽከረከረች፣ ጠመኔው በነካው ቦታ በተቃራኒው ወገን ያሉትን ሽቦዎች በጥቂት በጥቂቱ እያጠበቀች አቃናችው፤ ጋሼ ከጥግ ተቀምጠው «ሩብ ዙር ብቻ!» ይሏት ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ሱቁ ባዶውን ቀርቶ እንደነበር፣ ሥራውንም በአንድ ሳፋና በአንድ ፖምፓ እንደገና እንደጀመሩ የነገረኝ ጎረቤት ነው፤ እነሱ አያነሡትም።

ሳይክላችሁን በመኪና ጭናችሁ ደሴ ከወጣችሁ በኋላ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል የምትነዱ ወጣቶች በተለይ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ፍሬናችሁን አሳዩአት። ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ በሚባልበት በዚያ መንገድ ያለማቋረጥ የተያዘ ፍሬን ቸርኬውን አግሎ ከመነዳሪ ሊያፈነዳ ይችላል። ሥራቸው ጥድፊያ አያውቅም፣ ዓርብም ለጁምዓ ይዘጋሉ፤ ይህን አውቃችሁ ሂዱ።

ጋሼ፣ እትዬ፣ እህቴም፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። እትዬ፣ የእነዚያን ደቂቃዎች ሒሳብ ግን በሚመጣው ቅዳሜ እንተሳሰባለን።