ኦፒኔል ቁጥር 8 ከአሥር ወር የኪስ አገልግሎት በኋላ

ሰንጢ ሲመረጥ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው ውፍረቱ ላይ ነው። ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ጀርባው 3 ሚሊሜትር የሆነ፣ ሲከፈት «ቀጭ» የሚል ሰንጢ ጠንካራ ይመስላል። ካሮት ላይ ሲያሳርፉት ግን ነገሩ ይገለጣል፤ ወፍራሙ ስለት እንደ ሽብልቅ ገብቶ ይሰነጥቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። የፈረንሳዩ ኦፒኔል ቁጥር 8 ጀርባው 2 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያም እስከ አፉ ድረስ እየሳሳ ይወርዳል። አሥር ወር ሙሉ ፍራፍሬ፣ ሽንኩርት፣ ካርቶን፣ ገመድና ሥጋ ከቆረጠ በኋላም ከዋጋው በላይ የሚያስብለው ይኸው ቅጥነቱ ነው። የሚያስቸግረው ደግሞ እጀታው፤ እንጨት ነውና ውሃ ይጠጣል።

ስለቱ 8.5 ሴንቲሜትር፣ ሲታጠፍ ርዝመቱ 11 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ50 ግራም አይበልጥም። ቁጥሩ የመጠን ተራ እንጂ ሴንቲሜትር አይደለም፤ ቁጥር 6 የ7፣ ቁጥር 7 የ8፣ ቁጥር 10 የ10 ሴንቲሜትር ስለት አለው። ጆሴፍ ኦፒኔል ሳቮያ በሚባለው የፈረንሳይ ተራራማ አገር ሥራውን የጀመረው በ1890 ሲሆን፣ በ1897 ሰንጢዎቹን ከ1 እስከ 12 ቁጥር ሰጣቸው (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቁጥር 8 ከሁሉ የሚመረጠው መዳፍ ስለሚሞላ ነው። የሱሪ ኪሱ ጠባብ ለሆነ ግን ቁጥር 7 ይሻላል፤ በስለት የሚያንሰው ግማሽ ሴንቲሜትር ብቻ ሆኖ ኪስ ውስጥ ግን ልዩነቱ ይሰማል። እጀታው ክብ ስለሆነና ኪስ ላይ የሚሰካ መያዣ ስለሌለው ሲቀመጡ ይንከባለላል። ከቁልፍ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ካደረጉት ቫርኒሹ ቶሎ ይጫጫራል፤ ይህ ግን ከመልክ ያለፈ ጉዳት የለውም።

ሱቅ ውስጥ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ካርቦን ነው ወይስ ስቴንለስ የሚለው ነው። መልሱ ያለው ምን እንደሚቆርጡበት ላይ እንጂ የትኛው «ኦሪጅናል» ነው የሚለው ላይ አይደለም። የካርቦኑ ብረት ኤክስ ሲ 90 ይባላል፤ 0.9 በመቶ ያህል ካርቦን አለው። ለመሳል በጣም ቀላል ነው፤ አፉም ጥሩ ይይዛል። ከዝገት የሚጠብቀው ክሮሚየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ሎሚ ቆርጦ ሳያጥቡ ቢያጥፉት፣ ሰዓታት ሳይቆጠሩ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ሽንኩርት ሲቆረጥበት ሽንኩርቱ ራሱ ይጠቁራል፤ ሎሚ የተጨመቀበት ምግብ ላይም የብረት ጣዕም ይተዋል። ቁርጥ ከአዋዜና ከሎሚ ጋር ለሚወድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስቴንለሱ ሳንድቪክ 12ሲ27 ከሚባለው የስዊድን ብረት ዘር ነው። ካርቦኑ ከ0.6 በመቶ አያልፍም፤ ክሮሚየሙ ግን 14 በመቶ አካባቢ ነው። አፉ ከካርቦኑ ትንሽ ቀድሞ ይደክም ይሆናል እንጂ ልዩነቱ ኩሽና ውስጥ ብዙም አይታወቅም፤ ካርቶን ለሚቆርጥ ሰው ይታወቃል፣ ካርቶን ውስጥ ያለው አቧራ እንደ አሸዋ ነውና። ፍራፍሬና ምግብ ለሚበዛበት፣ ላቡ ለሚያስቸግረው፣ ባሕር ዳርቻ ወይም ቆላ ለሚኖር ሰው ፍርዱ አያወላዳም፦ ስቴንለሱን ይግዛ። ካርቦኑ የሚገባው እንጨት ለሚጠርብና ስለት መሳል ለሚወድ ሰው ነው።

ካርቦኑን የመረጠ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሊያደርገው የሚገባ አንድ ሥራ አለ። ስለቱን በሳሙና አጥቦ ቅባቱን ማስለቀቅ፣ አድርቆ በአቼቶ የራሰ ወረቀት መጠቅለል፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ማቆየት፣ አጥቦ ወዲያው ማድረቅ። ስለቱ ግራጫ ይሆናል። ይህ ግራጫ ሽፋን ቀዩን ዝገት ያዘገየዋል እንጂ አይከለክለውም፤ ከተጠቀሙበት በኋላ መጥረጉ አይቀርም። አቼቶው ወደ እንጨቱና ስለቱ ሥር ወዳለው የመቆለፊያ ቀለበት እንዳይወርድ ጫፉን ወደ ታች አድርጎ መያዝ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ብረቱ አይደለም። ይህን ሰንጢ ገዝተው የሚያማርሩ ሰዎች አብዛኞቹ የሚያማርሩት ስለማይከፈት ነው። ተራው ሞዴል እጀታው ቢች ከሚባለው የአውሮፓ ዛፍ የተሠራ ነው። ቢች ጠንካራና ርካሽ ሆኖ ሳለ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል። ፋብሪካው ውጪውን ቫርኒሽ ይቀባዋል፤ ስለቱ የሚገባበት ቦይ ውስጡ ግን ቫርኒሽ በደንብ አይደርሰውም። ስለዚህ ሰንጢውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ያጠበ ሰው እንጨቱን ከውስጥ አጠጥቶታል ማለት ነው። በስለቱ ግራና ቀኝ ያለው ክፍተት ከወረቀት ውፍረት ብዙም ስለማይበልጥ፣ ትንሽ እብጠት ስለቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በአንድ ጣት የሚከፈተው ሰንጢ በሐምሌና በነሐሴ ጥፍር የሚያስነቅል የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሲጣበቅ በጥፍር መታገል አያስፈልግም። ሳቮያዎች የሚያደርጉት ቀላል ነገር አለ፦ ቀለበቱን ወደ መክፈቻው ማዞር፣ ከዚያ የእጀታውን ጅራት፣ ማለትም የታጠፈው ስለት ጫፍ ያለበትን በኩል፣ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ጠንከር አድርጎ መምታት። ስለቱ ራሱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቅ ይላል፤ ያኔ በሁለት ጣት ጀርባውን ይዞ መሳብ ነው። ሌላውን እጅ ከስለቱ መውጫ በኩል ማራቅ እንዳይረሳ።

ዘላቂው መፍትሔ የተልባ ዘይት ነው። ሰንጢውን ከፍቶ ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ማድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አይሆንም፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ ጥጥ በተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት ከ5 እስከ 6 ጠብታ ዘይት ቦዩ ውስጥ፣ በተለይ ማጠፊያው ሚስማር አካባቢ መቀባት። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ያልተመጠጠውን ሙልጭ አድርጎ መጥረግ። ይህን በአንድ ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ መድገም፣ ዘይቱ እስኪደርቅም ቢያንስ አንድ ሳምንት ስለቱን ተከፍቶ መተው፤ ከታጠፈ ሊጣበቅ ይችላል። የተልባ ዘይት የሚመረጠው ከአየር ጋር ተዋህዶ እንጨቱ ውስጥ ስለሚጠነክር ነው። የወይራ ዘይት አይጠነክርም፤ ቦዩ ውስጥ እንደራሰ ይቀርና ይበላሻል፣ ይሸታል። ቀለም ቤት «የተፈላ» ተብሎ የሚሸጠው የተልባ ዘይት ደግሞ ቶሎ እንዲደርቅ የብረት ቅመም ሊገባበት ስለሚችል ምግብ ለሚቆርጥ ሰንጢ አይሁን። አንድ ማስጠንቀቂያም አለ፦ ዘይቱ የተጠረገበትን ጨርቅ ጨብጦ ቅርጫት ውስጥ መጣል አደገኛ ነው። ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ በራሱ ሊቀጣጠልም ይችላል። ዘርግቶ ውጭ ማድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ መንከር ነው።

ከዘይቱም በኋላ የሚጠብቅ ከሆነ፣ 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በቀጭን ማስመሪያ ላይ ጠቅልሎ ቦዩን ከግራና ከቀኝ አሥር አሥር ጊዜ ማሸትና መሞከር። አብዝቶ መፋቅ አይገባም፤ ይህ ሰንጢ ስፕሪንግ የለውም፣ ቀለበቱ ካልተቆለፈ ስለቱን ቦታው ላይ የሚይዘው የእንጨቱ ጥብቀት ብቻ ነው። ክረምት ላይ ላላ ብሎ እንዲከፈት ተደርጎ የተፋቀ እጀታ በጋ ሲመጣ ይንገጫገጫል።

አስተጣጠቡም ከዚህ የሚመነጭ ነው። ስለቱን ብቻ በሳሙና በራሰ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ይበቃል። ሥጋ ከተቆረጠበት ቦዩ ውስጥ ስብ ይገባል፤ በስቲኪኒ ጠርጎ ማውጣት እንጂ የቧንቧ ውሃ መልቀቅ አይገባም። የዕቃ ማጠቢያ ማሽንማ አይታሰብ።

ቀለበቱን በተመለከተ፦ ማርሴል ኦፒኔል በ1955 የጨመረው ነው፤ ከዚያ በፊት ሰንጢው መቆለፊያ አልነበረውም። አንዱ ቀለበት እንጨቱ ላይ ተጨምቆ ቆሟል፣ ሁለተኛው በላዩ ይዞራል። የሚዞረው ቀለበት አንድ ክፍተት አለው፤ ክፍተቱ ከስለቱ ፊት ሲርቅ ስለቱ መታጠፍ አይችልም። ከ2000 ጀምሮ የተሠሩት ታጥፎም ይቆለፋሉ፣ ስለዚህ ቦርሳ ውስጥ በራሱ አይከፈትም። ድክመቱ የሰው ነው፤ ራሱ ስለማይቆለፍ ሰው ይረሳዋል። ሳይቆልፉ በጫፉ መውጋት ጣት ላይ ማጠፍ ነው። አሸዋ ወይም የኪስ ብናኝ ገብቶ ሲከብድ በብሩሽ ማራገፍና አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ማድረግ ይበቃል። ከጊዜ ብዛት ሲላላ ቀለበቱን አውጥቶ በፒንሳ ሁለቱን ጫፎች ትንሽ ማቀራረብና መመለስ ይቻላል፤ ሲያወጡት ተፈናጥሮ ዓይን እንዳይመታ መጠንቀቅ ያሻል።

ለመሳል 1000 ቁጥር ድንጋይ ይበቃል። የስለቱን ጀርባ ከድንጋዩ ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ከእጀታው እስከ ጫፉ እየጎተቱ አንዱን ጎን መሳል። በተቃራኒው ጎን ጣት ሲያልፍበት የሚይዝ ቀጭን ሻካራ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ሲሰማ ገልብጦ ሁለተኛውን መጀመር ነው። ያ ጠርዝ ሳይወጣ የሚገለብጥ ሰው ሲስል ይውላል እንጂ ስለት አያገኝም። መጨረሻ ላይ በቆዳ ቀበቶ ጀርባ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ወደ ኋላ መጎተት። ድንጋይ ከሌለ የሲኒ ቂጥ ላይ ያለው ሻካራ ቀለበት የደከመ አፍ ይመልሳል፤ ፈጽሞ የዶለዶመውን ግን አይመልስም። ቢላ በሚሽከረከር ድንጋይ ለሚስሉት ሰዎች መስጠት አይመከርም። ይህን ያህል ቀጭን አፍ በሰከንዶች ይግላል፤ ሰማያዊ ከሆነ ያ ቦታ ጥንካሬውን አጥቷል፣ እስኪያልቅም ቶሎ ቶሎ ይዶለዱማል።

ቅጥነቱ ዋጋ የሚያስከፍልበትም ቦታ አለ። የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ለማንሳት፣ አጥንት መገጣጠሚያ ውስጥ አስገብቶ ለመጠምዘዝ፣ ሸንኮራ አገዳ በምት ለመሰንጠቅ አልተሠራም። አገዳውን ይልጣል፤ ሲጠመዘዝ ግን ጫፉ ይቆረጣል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚበዛበት ሰው ሌላ መሣሪያ ይያዝ።

አውሮፓ ውስጥ ተራው ሞዴል ከ20 ዩሮ በታች ይሸጣል። በዚያ ዋጋ ላይ ጨምሮ የስዊሱን ቪክቶሪኖክስ ማግኘት ይቻላል፤ ቆርቆሮ መክፈቻና ብሎን መፍቻ አለው፣ ውሃም አያሳብጠውም፤ ነገር ግን 91 ሚሊሜትሩ ሞዴል ስለቱ አይቆለፍም፣ እጀታውም ብዙ ሲቆርጡበት መዳፍ ያደክማል። ስም የለሽ ርካሽ ሰንጢ ላይ 3ሲአር13 የሚል ጽሑፍ ካለ 0.3 በመቶ ያህል ካርቦን ያለው ለስላሳ ብረት ነው፤ አይዝግም፣ አፍም አይዝም። 8ሲአር13 የሚለው 0.8 በመቶ አለውና በዚያ ዋጋ የሚታሰበው እሱ ነው።

ውጭ አገር ለሚኖር ሰው መቆለፊያው ራሱ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ብሪታንያ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ የሚቻለው የማይቆለፍና አፉ ከ3 ኢንች፣ ማለትም 7.62 ሴንቲሜትር ያልበለጠ ታጣፊ ሰንጢ ነው፤ ቁጥር 8 በሁለቱም ይወድቃል። ከቁጥር 2 እስከ 5 ያሉት ቀለበት የላቸውም፤ 6 ሴንቲሜትር የሆነው ቁጥር 5 ለዚያ አገር የሚስማማ ነው። አውሮፕላን ላይ የትኛውም ቢሆን ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንጂ በእጅ ቦርሳ አይግባ።

ሲገዙ ሣጥኑን ሳይሆን ሰንጢውን ይዩ። ስለቱ ላይ ዘውድ የደፋ እጅ በግልጽ ተቀርጾ ይገኛል፤ አስመሳዮቹ ላይ ምስሉ የደበዘዘ ወይም በቀለም የታተመ ሊሆን ይችላል። ከፍተው ቆልፈው ስለቱን ወደ ጎን ነቅነቅ ያድርጉት፣ ንቅናቄ ሊሰማ አይገባም። አጥፈው ከላይ ሲያዩት ስለቱ ቦዩ መሃል ላይ ይተኛ እንጂ አፉ አንዱን ግድግዳ አይንካ፤ የነካ ከሆነ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይዶለዱማልና ከመደርደሪያው ሌላውን ያስመጡ።