ያሪስ ወይስ ቪትዝ? ከዋጋው በፊት ካምቢዮውን እዩት

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ አውቶማቲክ መኪና የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል። አንዱ ከባሕረ ሰላጤው አገራት የመጣ ያሪስ ሴዳን ነው። ሌላው ቪትዝ። ደላላው ስለ ቀለሙ፣ ስለ ታርጋውና ስለ ጎማው ብዙ ያወራል። ስለ ካምቢዮው ሲጠየቅ ግን "አውቶማቲክ ነው" ብሎ ያልፋል። አውቶማቲክ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። አንዱ የዘይት መዘግየትን ይችላል፣ ሌላው አይችልም።

ነገሩ አሁን ከድሮው የበለጠ ያሳስባል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ያለውን መኪና ዘለግ ላለ ጊዜ መንዳታችን አይቀርም። የሞተር ዘይት ሁሉም ሰው በጊዜው ይቀይራል። የካምቢዮ ዘይት ግን ተረስቶ ይኖራል፣ ካምቢዮው መንሸራተት እስኪጀምር ድረስ።

መጀመሪያ ፊደላቱን አንብቡ

የመኪናው ስም ብቻውን አያስተማምንም። እኛ አገር ቪትዝ የሚባለው መኪና ከጃፓንም የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ያሪስ ተብሎ በአውሮፓ ሲነዳ የቆየም ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲታዩ አይለዩም። ከሥር ያለው ካምቢዮ ግን ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት መካኒክ አያስፈልግም። በሩን ከፍታችሁ የማርሽ እጀታው አጠገብ የተጻፈውን እዩ።

ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ ካለና ከሥሩ 3፣ 2፣ ኤል ከተከተለ፣ የተለመደው ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ነው። ከባሕረ ሰላጤው የመጡት የቆዩ ያሪስና ኮሮላዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ከዲ ቀጥሎ ኤስ እና ቢ ካለ ብዙ ጊዜ ሲቪቲ ነው፣ በማርሽ ፋንታ በቺንጋ የሚሠራው አውቶማቲክ። ከጃፓን የመጡ ቪትዞች ብዙዎቹ ይህ አላቸው፤ በኋላ የወጡት ያሪሶችም ወደዚሁ ዞረዋል። ፒ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ካምቢዮው በመሠረቱ ማኑዋል ነው። ልዩነቱ ፍሪሲዮኑን በእግራችሁ ፋንታ ማሽን መርገጡ ነው። የአውሮፓ ያሪስ ላይ ማልቲሞድ ይባላል፣ ሱዙኪ ዲዛየር ላይ ኤጂኤስ።

ሦስተኛውን ቶሎ ልጨርሰው። ዘይቱ ተራ የማኑዋል ካምቢዮ ዘይት ነው፣ መጠኑም ትንሽ ነው። የሚያልቀው ፍሪሲዮኑ ነው። ዳገት ላይ ቆሞ ፍሬን ሳይዝ በነዳጅ ብቻ መኪናውን የሚያቆም ሹፌር ፍሪሲዮኑን በቶሎ ያቃጥለዋል። ፍሪሲዮን መቀየር ግን ማንም ጥሩ ጋራዥ የሚያውቀው ሥራ ነው። ማርሽ የሚያስገባው ማሽን ሲበላሽ ግን ኮምፒውተር ገጥሞ የሚያስተካክል ባለሙያ መፈለግ ግድ ነው። ለታክሲ ሥራ ዲዛየር የምትገዙ፣ ዳገት ላይ ሲነሳ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

ባለ 4 ማርሹና ሲቪቲው ውስጣቸው

ባለ 4 ማርሹ ውስጥ ጥርስ ማርሾችና በዘይት ግፊት የሚጨበጡ ዲስኮች አሉ። ዲስኮቹ እንደ ፍሬን ሸራ ቀስ እያሉ ያልቃሉ። ሲያልቁም አስቀድመው ይናገራሉ። ጠዋት ዲ ላይ ስታስገቡት ትንሽ ዘግይቶ ይይዛል። ከ2 ወደ 3 ሲቀይር ሞተሩ ለአፍታ ይጮሃል። በዚህ ጊዜ የደረሰ ሰው ካምቢዮውን አስፈትቶ፣ ዲስኩንና የዘይት ማሸጊያ ጎማውን (ሲል) አስቀይሮ ሊያድነው ይችላል። ለቶዮታ ዕቃው ሶማሌ ተራ ይገኛል፣ የሚሠራው እጅም አለ።

ሲቪቲው ሌላ ነው። በማርሾቹ ፋንታ ስፋታቸው የሚለዋወጥ ሁለት ፑሌዎች አሉት። በመካከላቸው የብረት ቺንጋ ይዞራል። ፑሌዎቹ ቺንጋውን በዘይት ግፊት ጨምቀው ይይዙታል። እዚህ ዘይቱ ሁለት ሥራ አለበት። ብረት ከብረት ተፋጭቶ እንዳይበላላ ይጠብቃል፤ ቺንጋው እንዳይንሸራተትም ያደርጋል። ዘይቱ ሲያረጅ ወይም የማይሆነው ዘይት ሲገባበት ቺንጋው ይንሸራተትና የፑሌውን ገጽ ይቧጥጠዋል። አንዴ ከተቧጠጠ ምንም ዓይነት አዲስ ዘይት አይመልሰውም። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮ ገዝቶ መግጠም ነው። የተገዛው ካምቢዮም ቀድሞ በምን ዘይት ሲሠራ እንደነበር የሚያውቅ የለም።

ለሲቪቲው መፍረድ ያለብኝንም ልፍረድለት። ከመገናኛ ሜክሲኮ በተጨናነቀ ሰዓት ሲነዳ ልስላሴው ልዩ ነው፣ ነዳጅም ይቆጥባል። በየዓመቱ ብዙ የሚነዳ ሰው ልዩነቱን ኪሱ ውስጥ ያየዋል። ስለዚህ ቪትዝ አትግዙ አልልም። የምለው፣ ዘይቱን በሰዓቱና በትክክለኛው ዓይነት ለመቀየር ያልቆረጠ ሰው ሲቪቲ ባይገዛ ይሻለዋል ነው።

የትኛው ዘይት?

ብዙ ካምቢዮ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ቶዮታ ለቀድሞዎቹ አውቶማቲኮች ቲ-ፎር የሚባል ዘይት ነበረው። በኋላ የመጡት ደብሊው ኤስ ይጠቀማሉ። ቶዮታ ራሱ አንዱ በሌላው አይተካም ይላል። ሲቪቲው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። የቀድሞው ቲ ሲ፣ የአሁኑ ኤፍ ኢ ይባላል። የኒሳን ሲቪቲ የራሱ ኤንኤስ-2 እና ኤንኤስ-3 አለው። የሆንዳም የራሱ ነው።

ጋራዥ ውስጥ ብዙ ጊዜ በቅርብ የሚገኘው ቀይ ዘይት ግን ዴክስሮን 3 ነው፣ ለመሪም ስለሚያገለግል። "ያው ቀይ ነው" ተብሎ ይሞላል። ቀለም ምንም አይነግራችሁም፤ ለመለየት ሲባል የተጨመረ ቀለም ነው። ሲቪቲ ውስጥ ዴክስሮን መሙላት ካምቢዮውን በገዛ ገንዘብ መግደል ነው።

ታዲያ ኦሪጅናል ወይስ ለብዙ መኪና ይሆናል የሚባለው? ለባለ 4 ማርሹ፣ ጀርባው ላይ ደብሊው ኤስ ወይም ቲ-ፎር ተብሎ በግልጽ የተጻፈበት የታወቀ አምራች ዘይት ብትጠቀሙ አልቃወምም። ዋጋው ቀለል ይላል፣ ሥራውን ይሠራል። ለሲቪቲ ግን የመኪናውን አምራች ዘይት ብቻ ግዙ። በዋጋ ያተረፋችሁት ከአንድ ፑሌ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ከበርሜል የሚቀዳውን ለሁለቱም አትንኩ። ታሽጎ የመጣውን ዕቃ ራሳችሁ ገዝታችሁ ውሰዱ፤ ሲከፈትም ቁሙ።

በማሽን ወይስ በማፍሰስ?

አሁን አንዳንድ ጋራዦች በማሽን እንቀይራለን ይላሉ። ማሽኑ አሮጌውን እየገፋ አዲሱን ያስገባል፣ ሁሉንም ያጸዳል ነው የሚባለው። ሌላው አሠራር ከሥር ቡሎኑን ፈትቶ ማፍሰስና የፈሰሰውን ያህል መሙላት ነው።

ሒሳቡን እንየው። ያሪስ ወይም ኮሮላ ካምቢዮ በጠቅላላው ከ6 እስከ 7 ሊትር ዘይት ይይዛል። ሲፈታ የሚወርደው ወደ 3 ሊትር ነው። ቀሪው በአብዛኛው ኮንቨርተሩ ውስጥ፣ ማለትም ሞተሩን ከካምቢዮው በዘይት የሚያገናኘው ክፍል ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብታፈሱ ከግማሽ በላይ አሮጌ ዘይት ውስጥ አለ። ከሳምንት በኋላ ብትደግሙት አሮጌው ወደ ሲሶ ይወርዳል። ለሦስተኛ ጊዜ ብትደግሙት ከአምስት አንድ እጅ ግድም ብቻ ይቀራል። ሦስቱም ተደምረው ወደ 9 ሊትር ነው። ማሽኑም ቢሆን ከዚህ ያነሰ አይፈልግም፣ ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ታሪኩ ለማይታወቅ ያገለገለ መኪና ማፍሰሱን እመርጣለሁ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ። አንደኛ፣ ለውጡ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ለዓመታት የተከማቸ ቆሻሻ በአንዴ ተነቅሎ ቀጭኗን የዘይት መንገድ አይደፍንም። ሁለተኛ፣ ኮፓው፣ ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ይወርዳል። ማሽን ኮፓ አያወርድም።

ኮፓው ሲወርድ እዚያው ሁኑ። ውስጡ ትንንሽ ማግኔቶች ተለጥፈው ታያላችሁ። ማግኔቱ ላይ እንደ ጥቁር ግራጫ ቅባት የለሰለሰ ዝቃጭ ካለ አትደንግጡ፤ ሁሉም ካምቢዮ እየሠራ ትንሽ ብረት ያራግፋል። በሁለት ጣት ፈትጉት። ልስልስ ካለ ደህና ነው። የሚቆረቁር ስንጥር ብረት ካገኛችሁ ግን አንድ ነገር እየተሰበረ ነው። ፊልተሩና ጓርኒሲዮኑም የሚቀየሩት ያኔ ነው።

ሲሞላ መጠኑ በግምት አይሆንም። አንዳንዱ መኪና መለኪያ ዘንግ አለው፣ በሞቀ ሞተር ይነበባል። ብዙዎቹ አዳዲስ ካምቢዮዎች ግን ዘንግ የላቸውም። ሞተሩ እየሠራ የዘይቱ ሙቀት በኮምፒውተር ይታያል፣ አምራቹ የወሰነው ዲግሪ ላይ ሲደርስ የመለኪያ ቡሎኑ ተፈትቶ ትርፉ ይፈስሳል። መካኒኩ ይህን ሳያደርግ ቡሎኑን ካሰረ ሥራው አላለቀም።

"ዘይቱ የዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም" የሚላችሁ ይኖራል። ለብዙ የአውሮፓ መኪኖች አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድኤፍ ራሱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ እንዲቀየር ይመክራል። አዲስ አበባ ባለው ዳገትና ጭንቅንቅ እኔ ከዚያ አሳጥረዋለሁ። ባለ 4 ማርሹን በ60,000፣ ሲቪቲውን በ40,000 ኪሎ ሜትር።

ሲገዛ የሚደረግ ሙከራ

ሻጩን ሞተሩን ሳያሞቅ እንዲጠብቃችሁ ለምኑት። ካምቢዮ ሕመሙን የሚደብቀው ሲሞቅ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ሲቀዘቅዝ። ስለዚህ ሁለቱንም እዩ። ፍሬን ይዛችሁ ከፒ ወደ አር፣ ከዚያ ወደ ዲ አስገቡ። ከሁለት ሰከንድ በላይ ከዘገየ ወይም በኃይል ከመታ ጥያቄ አለው።

ከዚያ ረጅም ዳገት ላይ ውጡ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ያለው ይበቃል። ባለ 4 ማርሹ ሲቀይር ሞተሩ ያለ ፍጥነት መጮህ የለበትም። ሲቪቲው ላይ ነዳጅ ስትሰጡ ድምፁ ከፍ ማለቱ ያለ ነው። የሚያሳስበው በዝግታ ስትሄዱ፣ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት፣ የመንቀጥቀጥ ስሜት ካለ ወይም እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ከፍጥነቱ ጋር ካደገ ነው። ያንን ስትሰሙ ዋጋ አትደራደሩ። ተዉት።

የራዲያተሩን ክዳን በቀዝቃዛው ክፈቱና እዩ። ዝገት የያዘ ውሃ ብቻ ካለ ይህ ለካምቢዮም ክፉ ዜና ነው። ብዙ መኪና ላይ የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ባለ ቱቦ ነው። ቱቦው በዝገት ሲበሳ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ዘይቱ እንደ እንጆሪ ወተት ሮዝ ከሆነ ካምቢዮው ውስጥ ውሃ ገብቷል። ስለዚህ የምትገዙትን መኪና ራዲያተር ከመጀመሪያው ቀን በውሃ ብቻ ሳይሆን ዝገት በሚከላከለው ፈሳሽ፣ በኩላንት፣ ሙሉት።

እኔ የቱን እገዛለሁ?

ክፍለ ሀገር ለሚመላለስ፣ ሰው ጭኖ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ ለሚወጣ፣ ባለ 4 ማርሹን ያሪስ ወይም ኮሮላ። ያ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል። ሙሉ የጫነ ትንሽ ሲቪቲ እዚያ ላይ በጣም ይሞቃል፣ ሙቀት ደግሞ ዘይቱን በፍጥነት ያስረጀዋል። ቁልቁለቱንም በዲ ብቻ አትውረዱ። ባለ 4 ማርሹን 2 ላይ፣ ሲቪቲውን ቢ ላይ አድርጉት። ኤን ላይ አድርጎ መንከባለል ግን የሞተሩን እገዛ አጥፍቶ ሸክሙን ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይጥለዋል።

ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ፣ ለሥራና ልጅ ለማድረስ፣ ንጹሕ ሲቪቲ ቪትዝ ጥሩ መኪና ነው። ከግዢው ዋጋ ላይ የመጀመሪያውን የዘይት ለውጥ ወጪ ቀንሳችሁ አስቀምጡ። ሻጩ "በቅርቡ ተቀይሯል" ቢላችሁም። የየትኛው ዘይት እንደሆነ የሚያሳይ ደረሰኝ ካላመጣ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት።

አሜሪካ ላላችሁም ነገሩ አንድ ነው። ያገለገለ ኒሳን በርካሽ ስታገኙ ምክንያቱን ጠይቁ። ኒሳን እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2010 ለተመረቱ ሲቪቲ መኪኖቹ የካምቢዮ ዋስትናውን ወደ 10 ዓመት ወይም 120,000 ማይል አራዝሞ ነበር። ያ ጊዜ አልፏል፤ አሁን የሚከፍለው ገዢው ነው። የጥገና መዝገቡ ላይ የካምቢዮ ዘይት ለውጥ ተጽፎ ካላያችሁ፣ ኮሮላውን በትንሽ ጭማሪ መውሰድ ያዋጣችኋል።

ዘይት ያስቀየራችሁ ቀን ማታ ከመኪናው ሥር ነጭ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ጠብታ ካለ ቡሎኑ ወይም ጓርኒሲዮኑ አልጠበቀም። ያኔውኑ መልሳችሁ ውሰዱት። በጎደለ ዘይት የሚሠራ ካምቢዮ፣ ሲቪቲው በተለይ፣ ብዙ አይታገሥም።