«የቱን ላስቀር?» አሮጌው ኤም3 እና አዲሱ ኤም2

ጀርመን፣ ሙኒክ ውስጥ ጋራዥ መሥራት ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። ባለፈው ወር አንድ ደንበኛዬ ሁለት ቢኤምደብሊው ይዞልኝ መጣ። አንዱ እ.ኤ.አ. የ1988 ኤም3፣ ሌላው የ2023 ኤም2። «አንዱን መሸጤ ነው። የቱን ላስቀር?» አለኝ። ሁለቱንም ነዳኋቸው፤ ሁለቱንም ሊፍት ላይ ሰቅዬ ከሥር አየኋቸው።

ኤም3 የተሠራው ለውድድር ነው። «ግሩፕ ኤ» የሚባለው የመኪና ውድድር ምድብ ደንብ 5,000 መኪና ለገበያ ካልተሠራ አያስገባም ነበር። ስለዚህ ለሽያጭ የወጣውም የውድድሩን ቅርጽ ይዟል። ፓራፋንጎው ሰፊ ነው፤ የኋላ መስታወቱ ከተራው ይበልጥ ዘመም ብሏል። ሞተሩ 2.3 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር ነው። ካታሊስት (የጭስ ማጣሪያ) ያለው 195 የፈረስ ጉልበት አለው። ዛሬ ትንሽ ይመስላል፤ መኪናው ግን 1,200 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው።

ካምቢዮው መጀመሪያ ግራ ያጋባል። አንደኛ ማርሽ ወደ ግራ፣ ወደ ታች ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ በአንድ መስመር ፊትና ኋላ ናቸው፤ ውድድር ላይ ቶሎ ቶሎ የሚቀያየሩት እነሱ ናቸዋ! የፊት ጎማው ጠጠር ቢረግጥ በመሪው በኩል መዳፍህ ላይ ይሰማሃል። ይህን ስሜት በጣም እወደዋለሁ።

ልትገዛ ከሆነ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ ሂድ። ይህን የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። ላሜራው ላይ አልይዝ ካለ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ ማለት ነው። የፖርታባጋሊዮው ክዳን ላይ ባይይዝ ግን አትደንግጥ፤ የኤም3 ክዳን ከፋብሪካው ሲወጣም ፕላስቲክ ነው። ክሪክ የሚገባበትን ቦታ እይ፣ ዝገት ይወደዋል። ሞተሩን ሳይሞቅ አስነሳው፤ ሰንሰለቱ ከተንኳኳ ወጪ ይጠብቅሃል። አምና አንድ ሰው «ንጹሕ ነው» ተብሎ የተሸጠለትን አመጣ። ምንጣፉን ሳነሳ ጣቴ ወለሉን በስቶ ገባ። ሰውየው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ኤም2ውስ? ድንቅ መኪና ነው። 3 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ሁለት ተርቦ፣ 460 የፈረስ ጉልበት። ማንዋሉ ከቆመበት ተነስቶ በ4.3 ሰከንድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይገባል። በዝናብ ልጆቼን ይዤ የምሄድ ከሆነ እሱን ነው የምመርጠው። ግን 1,700 ኪሎ ነው፤ ኩርባ ላይ ክብደቱ ይታወቃል። ደግሞ ሜክሲኮ ውስጥ ዛሬም እየተሠራ ነው፤ ገንዘብ ያለው ያዝዛል። የድሮው ኤም3 ግን 18,000 እንኳን ሳይሞላ በ1991 አበቃ።

አሮጌ መኪና ለሚሰበስብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የደንበኛዬ ኤም3 የሞተር ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ይገጥማል፤ የሰርቪስ ደብተሩ ከመጀመሪያው ማህተም ጀምሮ አለ። 30 ዓመት ስላለፈው ጀርመን ውስጥ ለአሮጌ መኪኖች የሚሰጠውን «ኤች» ያለበት ታርጋ አግኝቷል፤ የዓመት ግብሩ 191.73 ዩሮ ነው። ቢበላሽም በእጄ ፈትቼ እጠግነዋለሁ። የአዲሱ ኮምፒውተርና ስክሪን ከ30 ዓመት በኋላ መለዋወጫ ይገኝለት ይሆን? ያሳስበኛል።

«ኤም3ውን አስቀር፤ ግን ሸፍነህ አታስቀምጠው፣ ንዳው» አልኩት። ኤም2ው ተሸጧል። ቅዳሜ የኤም3ውን ቫልቭ ላስተካክል ቀጠሮ ይዘናል።