ጅብ ከሄደ የሚጮህ ውሻ፦ የአላስካ የሳልመን ጅምላ ዋጋ ሪፖርት

አላስካ፣ ብሪስቶል ቤይ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ፣ የሳልመን ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ላይ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። መረብ ትጎትታለህ፣ ዓሣ ትለቅማለህ፣ ታስረክባለህ። ክብደቱ የተጻፈበት ወረቀት ይሰጥሃል። ዋጋው? እሱ በኋላ ይነገርሃል።

በ2022 ፋብሪካዎቹ ሶክአይ ለሚባለው የሳልመን ዓይነት ለአጥማጁ የሚከፍሉት መነሻ ዋጋ በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) 1.15 ዶላር ነበር። በ2023 ወቅቱ ሊያልቅ ሲል 50 ሳንቲም ነው ተባልን። እኔ ደግሞ ደመወዝተኛ አልነበርኩም፣ ከጀልባው ገቢ በመቶኛ ነበር የምወስደው፣ ስለዚህ ዋጋው ከግማሽ በላይ ሲወርድ የኔም ኪስ አብሮ ወረደ። ካፒቴናችን «ጅምላው ሞቷል አሉኝ» አለ፤ ፋብሪካዎቹ ዓሣውን መልሰው የሚሸጡበት ዋጋ ማለቱ ነው። ስንት ሆኖ ነው የሞተው? ማንም አያውቅም። ይህን ሪፖርት ፍለጋ የገባሁት ያኔ ነው።

የሚያወጣው የአላስካ ግዛት የገቢዎች መሥሪያ ቤት ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ ይወጣል፦ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል፣ ከሜይ እስከ ኦገስት፣ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ያለው ለየብቻ። በዓመት 1 ሚሊዮን ፓውንድና ከዚያ በላይ የሳልመን ምርት የሚሸጥ ፋብሪካ ስንት ሸጦ ስንት እንዳገኘ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። መሥሪያ ቤቱ ደምሮ አማካዩን ያወጣል። ለማንም ክፍት ነው፣ በነፃ።

ዝርዝሩን ወድጄዋለሁ። አምስቱ የሳልመን ዓይነቶች ተለያይተዋል፦ ሶክአይ ለብቻው፣ ፒንክ ለብቻው፣ ኪንጉም፣ ኮሆውም፣ ቸሙም እንደዚያው። ትኩሱ፣ የቀዘቀዘው፣ ፊሌው፣ ቆርቆሮው፣ እንቁላሉ የየራሱ መስመር አለው። የወደብ ወሬ ሳይሆን የተሸጠ ዓሣ ዋጋ ነው።

ግን ስታነቡት ተጠንቀቁ። እኔ መጀመሪያ ስከፍተው ጭንቅላቱና ሆድ ዕቃው ወጥቶ የቀዘቀዘውን ሶክአይ አየሁና ከኛ 50 ሳንቲም ጎን ሳስቀምጠው ደሜ ፈላ። ስሌቱ ግን ልክ አልነበረም። እኛ የምናስረክበው ሙሉ ዓሣ ነው፤ ከ4 ፓውንዱ ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ ሲወጣ 3 ፓውንድ ገደማ ነው የሚተርፈው። ስለዚህ የጅምላውን ዋጋ መጀመሪያ በ0.75 አባዙት። ከዚያ የሠራተኛ፣ የማቀዝቀዣ፣ የካርቶንና የመርከብ ወጪ አለ። ያን ሁሉ ቀንሳችሁ የሚተርፈው ካናደዳችሁ፣ ያኔ ተናደዱ።

ትልቁ ቅሬታዬ ጊዜው ነው። ብሪስቶል ቤይ ላይ ዓሣው የሚጎርፈው ጁላይ መጀመሪያ ላይ ነው። የሜይ–ኦገስቱ ሪፖርት ሲወጣ ጀልባው ከውኃ ወጥቷል፣ መረቡ ተጠቅልሏል፣ እኛም ተበትነናል። ቆርቆሮው ይብሳል። ጁላይ ላይ የታሸገው በቀጣዩ ዓመትም ሲሸጥ ይቆያል፣ ስለዚህ በጃንዋሪ–ኤፕሪሉ ሪፖርት የምታዩት የአምናው ዓሣ ሊሆን ይችላል። ለድርድር አይሆንም። የሚጠቅመው ፋብሪካው በኋላ ለአጥማጁ የሚከፍለው ጭማሪ፣ ከመጣ፣ ልክ መሆን አለመሆኑን ለማየት ነው።

የኖርዌይ የስታቲስቲክስ ቢሮ የሳልመን ኤክስፖርት ዋጋ በየሳምንቱ ረቡዕ ያወጣል። እርግጥ የእነሱ የእርባታ ዓሣ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል፣ ይቀላቸዋል። ቢሆንም ያስቀናል።

ባዶ ቦታዎቹም አሉ። አንዱን ምርት የሸጡት ፋብሪካዎች ጥቂት ሲሆኑ የአንዱ ኩባንያ ምስጢር እንዳይወጣ ቁጥሩ ይደበቃል። ምክንያቱ ይገባኛል፣ ግን ከሁሉ በላይ ቁጥር የሚያስፈልገው ዓሣውን የሚገዛው ፋብሪካ አንድ ሁለት ብቻ የሆነበት አጥማጅ ነው። ጥርጣሬው ደግሞ የቆየ ነው። በ1995 የብሪስቶል ቤይ አጥማጆች ፋብሪካዎችና የጃፓን አስመጪዎች ተመሳጥረው ዋጋ ዝቅ አድርገው ያዙብን ብለው ከሰሱ፤ በ2003 በአላስካዋ አንኮሬጅ ከተማ ጁሪው (ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች) ለተከሳሾቹ ፈረደ። ወደቡ ላይ ግን ወሬው ዛሬም አልቆመም።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። ጁላይ ላይ አንዲት ገጽ እንኳ ካወጡ አራተኛውን እጨምራለሁ።